መዝገቡ ይቆይ ወይስ ይጥፋ? የኢንተርኔት ዳታ ማቆያ ሕጎች ሲነጻጸሩ

መጀመሪያ አንድ መስመር እንይ። ኢንተርኔት አቅራቢው ኩባንያ ሎግ (የግንኙነት መዝገብ) ውስጥ ያለ አንድ መስመር። ቀኑ አለ። ሰዓቱም እስከ ሰከንዱ አለ፤ ሌሊት 8፡47 ከ12 ሰከንድ እንበል። ከዚያ የደንበኛው መለያ ቁጥር፣ የተሰጠው አይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር)፣ የፖርት ቁጥር፣ ስልኩ የተያያዘበት ታወር፣ የገባና የወጣ ዳታ መጠን። አለቀ። መልእክት የለም፣ ፎቶ የለም፣ ድምፅ የለም።

«ታዲያ ይሄ ማንን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ አንዱ መስመር ብቻውን ምንም አይናገርም። ግን መስመሮቹን ደርድሯቸው። ሰኞ ጠዋት ስልኩ አንድ ሆስፒታል አጠገብ ካለ ታወር ጋር ተገናኘ፤ እዚያው ለ3 ሰዓት ቆየ። ማክሰኞ ከላቦራቶሪ የ2 ደቂቃ ጥሪ ገባ። ወዲያው ወደ እናቱ ቁጥር ተደወለ፤ 50 ደቂቃ። ሌሊቱን ስልኩ አልተኛም፤ እስኪነጋ ድረስ የካንሰር ሕሙማንን ከሚረዳ ድረ ገጽ ጋር ሲገናኝ አደረ። ማን ምን እንዳለ አልሰማንም። ግን ገብቶናል።

አሁን ደግሞ ከሌላው ወንበር ሆናችሁ እዩት። አንድ አጭበርባሪ የአሮጊቷን ጡረታ ጠራርጎ ወስዷል። መርማሪው እጅ ያለው አንድ አይፒ አድራሻና አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ኩባንያው «ያ ሎግ ጠፍቷል» ካለው ፋይሉ እዚያው ይዘጋል። ያቺ የማትጎዳ የመሰለችው መስመር እዚህ ብቸኛ ምስክር ናት።

የዳታ ማቆያ ሕግ የሚባለው እንግዲህ ይህችን መስመር ማን ያቆያል፣ ስንት ጊዜ ያቆያል፣ ማንስ ይከፍታታል የሚለውን የሚወስን ሕግ ነው። አገሮች የሞከሯቸው መንገዶች አምስት ያህል ናቸው። ረቂቅ ሕግ ቀርቦላችሁ አስተያየት ስጡ የተባላችሁ፣ ኔትወርክ የምታስተዳድሩ፣ ወይም ዝም ብላችሁ «የኔ ነገር የት ነው የሚቀመጠው?» የምትሉ ሁሉ ብታወዳድሯቸው ጥሩ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ገለልተኛ እንዳልሆንኩ ግን ከወዲሁ ልናገር። ክርክሩ ሁልጊዜ «የግል ሕይወት ወይስ ደኅንነት» ተብሎ ነው የሚቀርበው። እኔ የሚያሳስበኝ የተከማቸው መዝገብ ራሱ ነው። አንድ ቦታ የተከመረ የሚሊዮኖች መዝገብ ለሌባም፣ ለሰላይም፣ ለቀናተኛ የቀድሞ ባልም ያው ሀብት ነው።

የሁሉም ሰው፣ ሁሉም መዝገብ

ይህ ዋናውና ብዙ የተጨቃጨቁበት መንገድ ነው። ሕጉ ኩባንያዎቹን የእያንዳንዱን ደንበኛ ሜታዳታ፣ ማለትም ይዘቱን ሳይሆን ማን፣ መቼ፣ ከየት ተገናኘ የሚለውን መዝገብ፣ ለተወሰነ ጊዜ እንዲያቆዩ ያስገድዳል። ተጠርጣሪ መሆን አያስፈልግም፤ ደንበኛ መሆን ይበቃል።

አውሮፓ እዚህ የገባችው ከሁለት ጥቃቶች በኋላ ነው፤ የ2004ቱ የማድሪድ የባቡር ፍንዳታና የ2005ቱ የለንደን ጥቃት። በመጋቢት 2006 የወጣው የኅብረቱ መመሪያ አባል አገሮች መዝገቡን ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት እንዲያስቆዩ አዘዘ። ብዙም ሳይቆይ ፍርድ ቤቶች ይንዱት ጀመር። ጀርመን ውስጥ ከ30 ሺህ በላይ ሰዎች ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ አቤት ብለው በመጋቢት 2010 የአገሪቱን ሕግ አስሻሩት። በሚያዝያ 2014 ደግሞ ሉክሰምበርግ የሚገኘው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት መመሪያውን ከነጭራሹ ውድቅ አደረገው። የሰጠው ምክንያት ለማንኛውም ረቂቅ ሕግ መመዘኛ ይሆናል። መመሪያው ማንንም ከማንም አይለይም። ማን ሊከፍተው እንደሚችል ወሰን አላበጀም። ከመከፈቱ በፊት ፍርድ ቤት ወይም ሌላ ነፃ አካል እንዲያየው አላዘዘም። መዝገቡ ከኅብረቱ ወሰን እንዳይወጣ እንኳ አላስገደደም።

ይህ ሁሉ በወረቀት ሲነበብ ሩቅ ይመስላል። በዓይን እንዲታይ ያደረገው ማልተ ሽፒትስ የተባለ የጀርመን አረንጓዴ ፓርቲ ፖለቲከኛ ነው። የራሱን መዝገብ ስጡኝ ብሎ ዶይቸ ቴሌኮምን ከሰሰ። የ6 ወር መዝገብ ተሰጠው፤ 35,830 መስመር። በ2011 ካርታ ላይ ተደርጎ ሲታተም ሰውየው በየትኛው ባቡር እንደተሳፈረ፣ መቼ እንደተኛ፣ የት እንደዋለ ማንም አንባቢ በጣቱ እየተከተለ ማየት ቻለ።

አውስትራሊያ ደግሞ በ2015 ሁለት ዓመት ብላ ወሰነች። የተጎበኙ ድረ ገጾችን ዝርዝር ከግዴታው ውጭ ማድረጓ መልካም ነው። መዝገቡ የሚከፈተው ግን በአብዛኛው ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ነው። ለጋዜጠኞች ምንጭ ብቻ ልዩ ማዘዣ ተደነገገ። ሕጉ ሥራ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2017፣ የፌዴራል ፖሊስ አንድ መርማሪ ያለዚያ ማዘዣ የጋዜጠኛ የስልክ መዝገብ ማየቱን አመነ። ጥሰቱን ፖሊስ ራሱ ደርሶበት ነው ያሳወቀው። ባያሳውቅስ ኖሮ?

የዚህ አማራጭ ጥቅም ግን አይካድ። ትናንት ማንም ያልጠረጠረውን ሰው ዛሬ ወደኋላ ተመልሶ ማግኘት የሚቻለው መዝገቡ ቀድሞ ከተቀመጠ ብቻ ነው። በዚህ ነጥብ ላይ መርማሪዎች ሲናገሩ አዳምጧቸው፤ ማጋነን አይደለም።

ዋጋው ግን በሐምሌ 2024 በደንብ ታየ። ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሁሉም የሞባይል ደንበኞቹ ሊባል የሚችል የጥሪና የጽሑፍ መልእክት መዝገብ መሰረቁን ይፋ አደረገ። በ2022 የተመዘገበ የ6 ወር ያህል መዝገብ ነው። የጥሪው ይዘት የለበትም፤ ማን ለማን እንደደወለ ግን አለ። ይህ እንግዲህ ምንም አጠቃላይ የማቆያ ግዴታ በሌለበት አገር ነው። በሕግ አስገድዳችሁ ሁለት ዓመት ስታስከምሩ የሚፈሰው ምን ያህል እንደሚሆን ገምቱት።

ይዘቱም ጭምር

ሩሲያ በ2016 ባወጣችው ሕግ ወደ ጫፉ ሄደች። የቴሌኮም ኩባንያዎች ሜታዳታውን 3 ዓመት፣ ይዘቱን ማለትም ድምፁን፣ ጽሑፉንና ምስሉን ደግሞ እስከ 6 ወር እንዲያቆዩ ታዘዙ። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። የዛሬ ኢንተርኔት አብዛኛው ተመስጥሮ ነው የሚጓዘው። ስለዚህ ኩባንያው በውድ ዲስክ የሚያከማቸው ብዙው ነገር ሊያነበው የማይችል ጭቃ ነው። ወጪው ዞሮ ዞሮ ደንበኛው ላይ ያርፋል። ይህን አማራጭ የምመክረው ለማንም የለኝም።

ለይቶ ማቆየት

የአውሮፓው ፍርድ ቤት በ2016 «የሁሉንም ሰው በጅምላ አይቻልም» ሲል ደገመ። ለይቶ ማቆየት ግን ይቻላል አለ፤ በተወሰኑ ሰዎች ወይም በተወሰነ ቦታ ላይ። ቤልጂየም ይህን ተከትላ በ2022 አዲስ ሕግ አወጣች። ከመመዘኛዎቹ አንዱ በየአካባቢው ለሺህ ነዋሪ ስንት ከባድ ወንጀል ተመዘገበ የሚለው ነው። ኤርፖርትና ባቡር ጣቢያን የመሰሉ ቦታዎችም ይካተታሉ።

ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ሲያስቡት ይቆረቁራል። ወንጀል በብዛት የተመዘገበበት ሰፈር አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስ የሚበዛበት ነው፤ ድሆች የሚኖሩበትም ነው። ሌባውን ለመያዝ ሰፈሩን በሙሉ መዝገብ ውስጥ ማስገባት ሊሆን ነው። የወንጀሉን መነሻ ቁጥር ትንሽ ዝቅ ካደረጉት ደግሞ አገሩ በሙሉ «የተለየ ቦታ» ይሆንና ወደ መጀመሪያው አማራጭ በጓሮ በር ይመለሳሉ። ቦታን ትቶ ሰውን መለየት፣ ለምሳሌ በከባድ ወንጀል የሚፈለግን ሰው ቁጥር፣ የተሻለ ነው። ያ ግን ከሚቀጥለው አማራጭ ብዙም አይርቅም።

«አታጥፉ» የሚል ትእዛዝ

እዚህ ሕጉ ቀድሞ የሚያስከምረው ነገር የለም። ጉዳይ ሲፈጠር ባለሥልጣኑ ለኩባንያው «የዚህን ሰው መዝገብ እንዳታጠፉ» ይለዋል። መዝገቡ ባለበት ይቆለፋል። ለመክፈት ሌላ እርምጃ፣ ማለትም ማዘዣ ያስፈልጋል። ቁልፉ በሁለት መዞሩ ነው ውበቱ። መቆለፉ ፈጣን ነው፤ መክፈቱ በዳኛ ነው።

የ2001ዱ የቡዳፔስት የሳይበር ወንጀል ስምምነት ይህን መንገድ ነው የያዘው። ትእዛዙ እስከ 90 ቀን ይቆያል፤ ሊታደስም ይችላል። አሜሪካም ተመሳሳይ ነገር አላት፤ 90 ቀን፣ ለሌላ 90 ቀን የሚራዘም።

ጉድለቱን አበው ጠቅልለው ተናግረውታል፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ትእዛዙ ሲደርስ መዝገቡ ከጠፋ የሚቆለፍ ነገር የለም። ድሮ ኩባንያዎች በደቂቃ ስለሚያስከፍሉ የጥሪ መዝገብ ለሒሳብ ሲሉ ያስቀምጡ ነበር። ያልተገደበ ጥቅል ለገዛ ደንበኛ ግን ማን ለማን ደወለ የሚለው ለሒሳብ አያስፈልግም። ጥንቁቅ ኩባንያ በቀናት ውስጥ ያጠፋዋል።

ጥንቁቅ ከሆነ ማለቴ ነው። አንድ ጊዜ የማስተዳድረው ሰርቨር ዲስኩ ሞልቶ ቀጥ አለ። ገብቼ ሳይ የ3 ዓመት ሎግ ተቆልሏል። አቆዩ ያለን ሕግ የለም፣ የጠየቀን ፖሊስ የለም። ማጥፊያውን ስክሪፕት የጻፈው ልጅ ሥራ ለቋል፤ እኔም ይሠራል ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። የሰው ሁሉ ገመና እዚያ ተኝቶ የቆየው በክፋት ሳይሆን በስንፍና ነው። «ሕግ ከሌለ መዝገብ የለም» የሚል ሰው ስሰማ ያ ዲስክ ነው ትዝ የሚለኝ።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 የወሰነበት የካርፔንተር ጉዳይም ይህንኑ ያሳያል። ማንም አስገድዷቸው ሳይሆን፣ ኩባንያዎቹ ከያዙት መዝገብ የአንድ ሰው የ127 ቀን እንቅስቃሴ ወጣ። 12,898 የቦታ ነጥቦች ናቸው፤ በቀን 100 ገደማ። ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለው የቦታ መዝገብ ያለ ማዘዣ አይሰጥም አለ። ስለዚህ ይህን አማራጭ የምትመርጡ ከሆነ ከሕጉ ውስጥ ጣሪያ ፈልጉ። ኩባንያው ለራሱ ሲል ከስንት ቀን በላይ ማስቀመጥ አይችልም? ይህ አንቀጽ ከሌለ «አናስገድድም» የሚለው ቃል ግማሽ እውነት ነው።

አይፒ ብቻ፣ ለአጭር ጊዜ

የኔ ምርጫ ይህ ነው፤ ከላይኛው ጋር ተጣምሮ። ኩባንያው የሚያቆየው አንድ ነገር ብቻ ይሆናል፦ በዚህ ሰከንድ ይህ አድራሻ የማን ነበር? ማን ለማን ደወለ የለም። የት ነበረ የለም። ምን ድረ ገጽ ጎበኘ የለም።

የአውሮፓው ፍርድ ቤት በጥቅምት 2020 ይህ ለከባድ ወንጀልና ለሕዝብ ደኅንነት በጊዜ ተገድቦ ይቻላል አለ። በሚያዝያ 2024 ደግሞ በር ከፈተ፤ መዝገቦቹ ተነጣጥለው ከተቀመጡና ስለ ሰውየው ሕይወት ድምዳሜ ላይ መድረስ የማያስችሉ ከሆነ ከባድ ላልሆነ ጥፋትም ማንነትን መለየት ይፈቀዳል አለ። በ2025 የተመሠረተው የጀርመን ጥምር መንግሥትም በስምምነቱ ውስጥ የ3 ወር የአይፒና የፖርት ማቆያ አስገብቷል።

ፖርት ያልኩት ለምንድን ነው? እዚህ ላይ ብዙ ረቂቅ ሕግ ይወድቃል። የቀድሞው የአይፒ አድራሻ ዓይነት ስላለቀ የሞባይል ኩባንያዎች አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኞች በአንድ ጊዜ ያካፍላሉ። አንድ የቤት ቁጥር ያለው ትልቅ ሕንፃ በሉት፤ ፖርቱ የክፍሉ ቁጥር ነው። መርማሪው አይፒና ሰዓት ብቻ ይዞ ሲመጣ ኩባንያው የሚሰጠው የሕንፃውን ነዋሪዎች ዝርዝር ነው። ከእነሱ መካከል አንዱ አጥፊ ነው፤ የቀሩት በማያውቁት ነገር ፋይል ውስጥ ገቡ። ፖርቱ ቢጻፍና የሁለቱም ሰዓት በሰከንድ ቢገጥም ግን አንድ ስም ይወጣል። በጥቂት ተጨማሪ አሃዝ ምርመራውም ይጠራል፣ ንጹሐኑም ይተርፋሉ። ግላዊነትና ደኅንነት አንድ ላይ የሚሄዱበት እንዲህ ያለ ቦታ ብዙ የለም።

ደካማ ጎኑም አለ። ቪፒኤን (እውነተኛ አድራሻን የሚደብቅ አገልግሎት) የሚጠቀም ሰው በዚህ አይያዝም። ትላልቆቹ ወንጀለኞች ደግሞ ቪፒኤን ያውቃሉ። ይህ ግን የመጀመሪያውንም አማራጭ የሚመለከት ጉድለት ነው።

እንግዲህ የቱን?

ሥራችሁ የቆየ ከባድ ወንጀል መመርመር ከሆነ የመጀመሪያው ይስባችኋል፤ አልፈርድባችሁም። ግን አንድ ነገር አስቡ። በሰፊው የተጻፈ ሕግ ሲፈርስ ክሱንም ይዞ ሊወድቅ ይችላል። በአየርላንድ በግድያ የተፈረደበት ሰው የስልኩ መዝገብ የተገኘበትን ሕግ ተከራክሮ በሚያዝያ 2022 የአውሮፓው ፍርድ ቤት ያ ዓይነቱ የጅምላ ማቆየት ለከባድ ወንጀልም ቢሆን አይፈቀድም አለ። ሰውየው ነፃ አልወጣም፤ በ2024 የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን አጸና። የሟች ቤተሰብ ግን እነዚያን ዓመታት ውጤቱን ሲጠብቅ ነው የከረመው። ጠባብ ሕግ ለዐቃቤ ሕግም ይጠቅማል።

ትንሽ ኩባንያ የምታስተዳድሩ ከሆነ የመጨረሻው ይቀላችኋል፤ ጥቂት ዳታ፣ ጥቂት ዲስክ፣ ጥቂት የሚሰረቅ ነገር። ጋዜጠኛ ወይም ጠበቃ ከሆናችሁ የደንበኛችሁና የምንጫችሁ ደኅንነት ያለው «ማን ለማን ደወለ» የሚለው መዝገብ ውስጥ ነው። እሱን የማያስከምር ሕግ ነው የሚጠቅማችሁ።

«ለጊዜው ብቻ» ለሚል አንቀጽ ደግሞ ዓይናችሁን ክፈቱ። የአውሮፓው ፍርድ ቤት አገር በእውነተኛ ከባድ ሥጋት ላይ ስትሆን በጅምላ ማቆየትን ለተወሰነ ጊዜ ይፈቅዳል። ፈረንሳይ በ2021 በዚህ በር ገብታ የአንድ ዓመት ድንጋጌ አወጣች። ዓመቱ ሲያልቅ ታደሰ። ቀጣዩ ሲያልቅም ታደሰ።

ብዙ ሰው ረቂቁን ሲያነብ መጀመሪያ የሚፈልገው የወሩን ቁጥር ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ማን ይከፍታል የሚለውን ነው። ብሪታንያ በ2016 ሕጓ እስከ 12 ወር ታስቆያለች፤ ስልኩ ከየትኞቹ አገልግሎቶች ጋር እንደተገናኘ የሚያሳየውንም ጭምር። ይህ ለኔ ብዙ ነው። ስልክ ኪስ ውስጥ ሆኖ እንኳ ሌሊቱን ሙሉ ከአየር ትንበያውም፣ ከማስታወቂያውም፣ ከምኑም ጋር ይገናኛል፤ ስለዚህ ስልኩን እንጂ ሰውየውን ሁልጊዜ አያሳይም። ነገር ግን አብዛኛውን የፖሊስ ጥያቄ ከፖሊስ ውጭ የሆነ መሥሪያ ቤት እንዲያጸድቀው ማድረጓ ደግ ነው። 12 ወር ቆይቶ በነፃ አካል የሚከፈት መዝገብና 3 ወር ቆይቶ ማንም መኮንን በስልክ ደውሎ የሚያስከፍተው መዝገብ ቢቀርቡልኝ የፊተኛውን እመርጣለሁ።

ቀጥሎ የምፈልገው ለየትኛው ወንጀል ነው የሚለውን ነው። «ለማንኛውም የሕግ ጥሰት» ካለ እዚያው በቀይ አሰምርበታለሁ። መዝገቡ የታየበት ሰው ምርመራው ሲያልቅ ይነገረዋል ወይ? በየዓመቱ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ በቁጥር ይታተማል ወይ? ሁለቱም በአንድ አንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቁ አንቀጾች ናቸው፤ ከረቂቅ ላይ ሲጠፉም ማንም ልብ አይልም።

በመጨረሻ ማጥፊያውን አያለሁ። «ጊዜው ሲያልቅ ይጠፋል» ብቻ ተጽፎ ከሆነ ማን ያጠፋዋል፣ በስንት ቀን ውስጥ፣ ማንስ ገብቶ ያረጋግጣል ብላችሁ ጠይቁ። ዋናው ዳታቤዝ ላይ ያለው መስመር ይጠፋል። ያው መስመር ግን ባለፈው ሳምንት ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ላይ አለ፤ ባለፈው ወሩም ላይ አለ፤ አንዱ ባለሙያ ለሙከራ ብሎ በገለበጠው ፋይል ላይም ሊኖር ይችላል። ባክአፕ የሚለውን ቃል ረቂቁ ውስጥ ፈልጉት። ከሌለ ጨምሩልኝ ብላችሁ ጻፉ።